ያኮመጠጥኩት መሬት

የያዙኝ ከገበሬዎች ስብሰባ ላይ ነው። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ ያን ቀን ያልኩት አጭር ነገር ነው። «ዩሪያ ዓመት በዓመት ሲደራረብበት መሬቱ ኮምጥጧል። ኖራ ካላገኘ ማዳበሪያ ቢጨመርበት አያድነውም» አልኩ። ማዳበሪያ የሚታደልበት ሰሞን ነበር። «ገበሬውን በልማት ላይ አሳድመሃል» ተባልኩ።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች ክፍተት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ላብ፣ ሽንት፣ የሻገተ ጆንያ ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ስቀመጥ ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ የማዳበሪያው ሰውዬ አይደለህም?»

አወቅኋቸው። ከላይኛው ቀበሌ ናቸው፤ ገብስና ባቄላ ይዘራሉ። ሰባት ክረምት ማሳቸው ዳር ቆሜ ዩሪያ አስበትኛቸዋለሁ። ምርቱ ሲያንስ «ጨመር ያድርጉበት» እላቸው ነበር። ባቄላው ሲጠፋ ደግሞ «በወቅቱ ሳያርሙት ቀርተው ይሆናል» ብያቸዋለሁ። በመጨረሻ ማዳበሪያውን አልወስድም ብለው ሲመልሱት ነው የታሰሩት።

ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው ግሎ ሁላችንም ዝለን ተጋድመን ሳለ፣ ድንገት ጠየቁኝ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። እኔ ሰንፌ ነው?»

«አይደለም።»

«ልጆቼ እንኳ አባታችን ደክሟል ነው የሚሉት።»

«አልሰነፉም አባቴ። ገብሱን ነቅዬ አይቼዋለሁ፤ ሥሩ አጥሮ ደንድኗል። አፈር ሲኮመጥጥ እንደዚያ ያደርጋል። ያኮመጠጥኩት እኔ ነኝ።»

«ታውቀው ነበር?»

«መጀመሪያ አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ሁለት ክረምት ዝም አልኩ። ሥራዬን ፈራሁ።»

እስረኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግሥቱ ሁለታችንንም ቢሮ አስጠሩን። መርማሪው ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር። ለእኔ ወንበር ሰጠኝ፣ እሳቸውን አቆማቸው። ከዚያ የተዘጋጀ ወረቀት አስጠጋልኝ። ምርቱ የቀነሰው ገበሬው ምክር ባለመስማቱ ነው ይላል።

«ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

ባለቤቴ በር ላይ ምሳ ይዛ ቆማለች። ከጠባቂው ጋር ስትነጋገር ድምጿ ይሰማኝ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው። ማንበብ አይችሉም።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ተነሳሁና ወረቀቱን ለመርማሪው መለስኩለት። «ይሄ ትክክል አይደለም» አልኩት። ወንበሩን ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረግኩት። «ይቀመጡ አባቴ።»

ተቀመጡ። መርማሪውም ተነሱ አላላቸውም።

እሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈቱ፤ እኔ ዘጠኝ ወር ቆየሁ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ኖራው ከዘር ስንት ቀን ይቀድማል?» አሉኝ።

«አንድ ወር። ከአፈሩ ጋር በደንብ ይታረስ። እስኪገኝ ድረስ ፍግና አመድ ይጠቀሙ።»

«አንድ ወር፣ ፍግ፣ አመድ» እያሉ ወጡ።

ተሰድጄ ሮም ከመጣሁ በኋላ የጥገኝነት ጥያቄ የሚመረምረው ኮሚሲዮኔ ፊት ቀርቤ ለምን እንደታሰርኩ ስጠየቅ ይህንኑ ተናገርኩ። አስተርጓሚዋ እዚሁ ያደገች ሴት ነበረች። መሬቱን ያኮመጠጥኩት እኔ ነኝ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«አሎራ... እንግዲህ፣ ይሄን ባይሉት አይሻልም? ጉዳይዎን ያበላሽብዎታል። ልዝለለው?»

«ተርጉሚው» አልኳት። ተረጎመችው።

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ዘግይቶም ቢሆን ወጣ። አሁን ከከተማው ዳር፣ ችግኝ የሚሸጥበት ቪቫዮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስጨርስ ሜትሮው ውስጥ ቆሜ እያንቀላፋሁ ሰፈሬ ፖንቴ ማሞሎ እደርሳለሁ። አገር ቤት ዛሬ መንግሥት ራሱ ኖራ ያድላል አሉ። ደስ ይላል። ስለ ሽማግሌው ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንዳንዴ፣ ይቅርታ ጠይቄያቸው ነበር ወይ እያልኩ ያንን ቀትር መልሼ አስበዋለሁ። አልጠየቅኋቸውም። ያደረግኩት ማስረዳት ብቻ ነው።