የኦስላ ሻል አራት ማዕዘኖች

የእህቴ የኦስላ ሞት በሼትላንድ ጋዜጣ በሦስት መስመር ወጣ። በሦስቱ መስመሮች ውስጥ ሁለት ስህተቶች ነበሩ። ዕድሜዋ ሰባ አንድ ሳይሆን ሰባ ሁለት ነው። «ከፌትላር ደሴት ወጥታ አታውቅም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ ሙሉ በጋ ለርዊክ በምትባለው ከተማ ወደብ ላይ ዓሣ ስታጸዳ ከርማለች፣ በግራ አውራ ጣቷ ላይ የነበረውም ጠባሳ የዚያ በጋ ነው። ለጋዜጣው ጻፍኩ፣ ሁለቱም ታረሙ። ሦስተኛው ስህተት ግን ጋዜጣ ላይ አልወጣም። በቀብሯ ቀን ከሰው አፍ የሰማሁት ነው። እሱን ማረም የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የኦስላን ሕይወት ከዚያው አንጻር እጽፋለሁ።

ኦስላ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃና አንድ መምህር ነበረው። አንድ ቀን መምህሩ በሰሌዳው ላይ ካሬ ሣለና «ጎኑ ስድስት ቢሆን ዙሪያው ስንት ነው?» ብሎ ኦስላን ጠየቃት። ኦስላ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ካሬውን ዞረችውና «ሃያ አራት፣ ለማዕዘኖቹ ደግሞ ትንሽ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። «ማዕዘን ርዝመት የለውም፣ ኦስላ» አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔ «ሃያ አራት» ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ቀን እህቴን የበለጥኳት መስሎኝ ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ግን የማየው ሌላ ነበር። እናታችን፣ ስሟ ሜራን፣ ከሱፍ ልብስ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ነፋስ የሚያሳልፍ የሚመስል ግን ሰው የሚያሞቅ ካሬ ሻል ትሠራለች። ኦስላ ከጎኗ ትቀመጣለች። ሁለቱም የሹራብ ሽቧቸውን የሚሰኩበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ቀበቶ ወገባቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ሳያዩ ያወራሉ። እኔ ስገባ ወሬው ይቀዘቅዛል። ሚስጥር ኖሯቸው አይደለም፤ የሚያወሩት ስለ ሥራው ነበርና ለእኔ የሚነገር አልነበረም። እኔም ልሞክር ብዬ የጀመርኩትን እናቴ ትምህርት ቤት ስሄድ ትፈታዋለች። ሱፍ አይባክንም። ከሰዓት ስመለስ የእኔ ሱፍ በኦስላ ሽቦ ላይ ይሆናል።

ኦስላ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርት አቆመች። ሰዉ አዘነላት። እኔ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሰዉ ኮራብኝ፣ ከዚያም ለርዊክ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። የቀናሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሻሎቹ የሚወጠሩበት የእንጨት መወጠሪያ ነበረን። ደሴታችን ዛፍ ስለሌላት የእናታችን አያት ባሕሩ ከተፋው እንጨት የሠራው ነው። እያንዳንዱ ጎን አርባ ስምንት ኢንች፣ በየሁለት ኢንቹ አንድ የእንጨት ሚስማር፣ ስለዚህ በየጎኑ ሃያ አምስት ሚስማር ነበረው። ሻል ታጥቦ እርጥብ እንዳለ ጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለው እያንዳንዱ ጫፍ፣ እኛ ጥርስ የምንለው፣ በሚስማር ላይ ይገባል፣ ከዚያ ደጅ ቆሞ ይደርቃል። በእኛ ዘንድ ሻል የሚጀመረው ከጠርዙ ነው። መጀመሪያ ጥርሱ በሙሉ እንደ ረጅም ጥብጣብ ይሠራል፣ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል፣ ከዚያ ለአራት ተከፍሎ ወደ መሐል እየተሠራ ይገባል። ዙሪያውን ያልቆጠረች ሴት መሐሉን አታገኘውም፤ የተሳሳተች እንደሆነም የምታውቀው ክረምቱን ሙሉ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የእናታችን ጣቶች መጣመም ሲጀምሩ፣ የወንድማችን የማግኒ ሚስት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ አንድ እሑድ ሻይ ላይ እናታችን እንዲህ አለች። «የልጁን የክርስትና ሻል ከጠርዝ እስከ መሐል ብቻዋን የጨረሰች መወጠሪያውን ትወስዳለች። ሻሉ ካልሰመረ መወጠሪያውን ለባቢ እሰጠዋለሁ።»

ባቢ የአባታችን እህት ናት፣ ጎረቤታችን። ቂጣዋን በቅቤ እየለቀለቀች ነበር።

«እኔማ ዛሬም ይዤው እሄዳለሁ፣ በሩን ብቻ ያዙልኝ» አለች።

«ወስደሽ የዶሮ ቤት በር ልታደርጊው ነው» አለች እናቴ።

«ዶሮዎቼስ ምን ጎደላቸው? ካንቺ የተሻለ ያዳምጡኛል።»

ኦስላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ በልቤ ግን መወጠሪያውን በለርዊክ ክፍሌ ግድግዳ ላይ አቆምኩት። ለምን እንደፈለግሁት አላውቅም፤ የምወጥርበት ነገር አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ሱፍ ገዝቼ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ጥርስ ሠርቼ ተውኩት። ከዚያ በኋላ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ኦስላም እንዳታገኘው። ባቢ ትውሰደው፣ ዶሮዎቹም ይስፈሩበት።

ገና ላይ ወደ ቤት ስሄድ ኦስላ መወጠሪያው አጠገብ ተንበርክካ አገኘኋት።

«ገርዚ፣ ነይ እስኪ። የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች። «በየጎኑ ሃያ አምስት ሚስማር አለ። ጠርዙን መቶ ጥርስ ላደርገው ነው። ይሆናል?»

ወዲያው አሰብኩት። ጎኑ አርባ ስምንት ኢንች ነው፣ አራት ጊዜ፣ ዙሪያው መቶ ዘጠና ሁለት። በየሁለት ኢንቹ አንድ ሚስማር ሲሆን ዘጠና ስድስት። ኦስላ ሃያ አምስትን በአራት ስታባዛ የማዕዘኖቹን ሚስማሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጥራቸዋለች ማለት ነው፤ አንዱ የማዕዘን ሚስማር ለሁለት ጎን ነውና። በመምህሩ ፊት እንደሳተችው እንደገና ሳተች አልኩ። አራት ጥርስ ይተርፋታል። የሚተርፈውም ሻሉ አልቆ፣ ታጥቦ፣ እናቴ ቆማ ስታይ ነው።

«ይሆናል» አልኳት። «ልክ ነው።»

ኦስላ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝና ፈገግ አለች። የዋህ ፈገግታ መሰለኝ።

በዚያ ክረምት በየሁለት ሳምንቱ በጀልባ እሄድ ነበር። እናቴን ልጠይቅ ነው የምሄደው እል ነበር እንጂ የምሄደው ጥርሱን ልቆጥር ነበር። ሃያ ስምንት። ስልሳ ሦስት። ኦስላ ሻይ ልታመጣ ስትነሳ ጥብጣቡን በጣቶቼ መሐል አሳልፈው ነበር፤ ስህተት ፈልጌ አንድ የተዘለለ የክር ቀለበት እንኳ አላገኘሁም። ሰማንያ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ግን አልቻልኩም። «ኦስላ» ብዬ ጀመርኩ። በዚያው ቅጽበት እናቴ ጎንበስ ብላ ጥብጣቡን ዳሰሰችና «ይሄ የኔ እጅ ነው፤ ብሞትም አልሞትኩም» አለቻት። ኦስላ ወደ እኔ ዞራ «ምን ልትዪኝ ነበር?» አለችኝ። «ሻዩ ጥሩ ነው» አልኩ።

በሚያዝያ ነፋሱ ጋብ ያለበት አንድ ቀን ተገኘና ሻሉ ታጠበ። ባቢም መጣች፣ ዓይኗ መወጠሪያው ላይ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ኦስላ ከአንዱ ማዕዘን ጀመረች። የመጀመሪያውን ጥርስ በማዕዘኑ ሚስማር ላይ አስገባች። ሁለተኛውንም እዚያው ሚስማር ላይ ደረበችው። ከዚያ አንድ ሚስማር አንድ ጥርስ እያለች ሄደች። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ እንደገና ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሁለት፣ አራተኛው ላይ ሁለት። ዞራ የጀመረችበት ስትደርስ ምንም አልተረፈም፣ ምንም አልጎደለም። ማዕዘኖቹ ሳይጎተቱና ሳይጠቀለሉ ለጥ ብለው ተኙ።

እናቴ በተጣመመ ጣቷ አንዱን ማዕዘን ተከትላ ዞረችና ራሷን ነቀነቀች። ያ ብቻ ነበር። መወጠሪያው የኦስላ ሆነ።

«እኔ በመጀመሪያው ሻሌ ዘጠና ስድስት ብዬ» አለች ባቢ፣ «አራቱም ማዕዘን እንደ ድመት ጆሮ ተጠቅልሎ ቀረ። ባለቤቴ እስኪሞት ድመቷን ልበሺያት ይለኝ ነበር።»

«ማዕዘን በሁለት ጎን ይጎተታል፣ ትርፍ ይፈልጋል» አለች ኦስላ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች። «ገርዚም ታውቅ ነበር እኮ። ገና ላይ ፈትኜያት ነበር። እማ፣ ሙች፣ ዘጠና ስድስት ትለኛለች፣ ልስቅባት ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መቶ ልክ ነው አለችኝ። አበርዲን አላበላሻትም።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ኦስላን በምታይበት ዓይን አየችኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ለካ እዚያ ተቀምጠሽ ታዪን ነበር» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግሁት ያንን ዓይን ነበር። አላረምኳትም።

ኦስላ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ሻል ሠርታለች፤ በደብተሯ ላይ ከነቀኑ ተጽፏል። አላገባችም። በግ አረባች፣ እናታችንን አስታመመች፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ ዘመረች። አዲስ ሻል በጀመረች ቁጥር ስልክ ደውላ «ገርዚ፣ መቶ ይሆናል?» ትለኛለች። «ልክ ነው» እላታለሁ። ትስቃለች። ሠላሳ አንድ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ዕድል ነበረኝ። በኑዛዜዋ መወጠሪያውን ለእኔ ተወችው። ምክንያቱንም ጽፋለች፤ «ማዕዘኑን ለምታውቀው» ይላል።

በቀብሯ ቀን፣ ያኔ ለክርስትናዋ ያንን የመጀመሪያ ሻል የለበሰችው የማግኒ ልጅ ሩና፣ አሁን የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት፣ ለጎረቤቶች «የአክስቴን ማዕዘን የቆጠረችላት ገርዚ ናት» ስትል ሰማኋት። ሦስተኛው ስህተት ይህ ነው። መቶውን የቆጠረችው ኦስላ ብቻዋን ናት። እኔ የቆጠርኩት ዘጠና ስድስት ነበር፤ ያልተናገርኩትም እንድትዋረድ ፈልጌ ነው።

ሩናን በቤቴ ኩሽና ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። የሻይ ስኒዋን ወደ ጎን አደረገች።

«አክስቴ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት የለኝም» አልኳት።

«ወረቀት አልጠየቅኩሽም።»

«እንግዲያው አላውቅም» አልኳት። «መወጠሪያውን ግን አንቺ ውሰጂው። ለእኔ የተተወው በስህተት ነው።»

በማግስቱ ከባሏ ጋር መኪና ይዛ መጣች። ሩና ከልጅነቷ ጀምሮ ኦስላ እግር ሥር የተቀመጠች ናት፤ ሻል ትሠራለች። ከመጫናቸው በፊት መወጠሪያውን አጥሩ ላይ አስደገፈችና ምንም ሳታስብ አውራ ጣቷን የማዕዘኑ ሚስማር ላይ አደረገች፣ አነሳች፣ መልሳ እዚያው አደረገች። ሁለት ጊዜ። በር ላይ ቆሜ አየኋት። በሰባ ዓመቴም ቀናሁባት።