ወደ መንገድ የዞረው ግድግዳ

ዘንድሮ በኮሌጅ ስለ ውርስ ስንማር የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ሲሞቱ ጎንደር ውስጥ የተዉት ቤት ሦስት ዓመት ለወራሾቹ ሳይከፈል ቆየ። ወራሾቹ እናቴና ሁለት ወንድሞቿ ነበሩ። ታላቁ አጎቴ ትክል ድንጋይ በሚባል አገር ያርሳል፤ ታናሹ አዘዞ ይነግዳል። በየክረምቱ ጭቃው ረግፎ የግድግዳው እንጨት ቢያገጥጥም ማንም አልነካውም። ያልተከፈለ የአባት ቤት የሚያድስ ለራሱ ሊያደርገው ነው ስለሚባል ሦስቱም እየተያዩ ተቀመጡ።

ማዘጋጃ ቤቱ መጀመሪያ የሚጥለው መቀጫ ብቻ ነበር። ዘበኛው ሲመጣ አንዱ «የወንድሜ ነው»፣ ሌላው «የእህቴ ነው» እያለ ይመልሰዋል። በኋላ ደንቡ ጠበቀ። በመንገድ ዳር ያለ ቤት እስከ ጥቅምት መባቻ ካልታደሰ ይፈርሳል፤ ቦታውም መሥራት ለሚችል ይሰጣል ተባለ። ማስታወቂያውን ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ወደ ወንድሞቿ ላከች።

በሽማግሌ ፊት አንድ አንድ ግድግዳ ሊመርጉ ተስማሙ፤ መረጉም። አራተኛው፣ በሩ ያለበትና ወደ መንገድ የዞረው፣ ቀረ። ደጁን የያዘ ቤቱን ያዘ ይባላልና ማንም አልደፈረውም።

በመባቻው ዋዜማ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መጣ። እናቴ የተመረጉትን ልታሳየው ወደ ጓሮ ጋበዘችው።

«እመቤቴ፣ እኔ የማየው ከመንገድ ነው። ነገ አፍራሾች ይመጣሉ» ብሏት ሄደ።

ወንድሞቿም እዚያው ነበሩ፤ ወደ ታላቁ ዞረች። «አያ፣ ጭቃው ተቦክቷል፤ እኔ ልምረገው።»

«ኋላ ደጁ የእኔ ነው ልትይ?»

«ምነው! የፈረሰ ደጅ ለማን ይበጃል?»

«ተዋት እንጂ፣ ደጁን ተሸክማው አትሄድ!» ብሎ ታናሹ ሳቀ።

«እንግዲያ ትማል» አለ ታላቁ።

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ጀምበሯ አዘቅዝቃ ነበር። እናቴ «ከዚህ ቤት ምንም ብጠይቅ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» አለችና እጇን ጭቃው ውስጥ ከተተች። በማግሥቱ የመጡት ሠራተኞች ግድግዳውን አይተው ዶማቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ።

ታኅሣሥ ላይ ቤቱ ሲከፈል ሽማግሌዎቹ መሐላዋን አስታወሱ። እናቴም «ምያለሁ» ብቻ አለች። ወንድሞቿ ለሁለት ተካፈሉት፤ የመንገዱ ፊት ለታላቁ ደረሰ።

«ሸጋ አድርገሽ መርገሽዋል፤ ዕድሜ ይስጥሽ» አላት።

«አሜን» አለች።