ኩርፊያና የአባቴ ትንፋሽ

ዛሬ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ማሽን አለ። ጭምብሉ በሽተኛው ፊት ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አየር መሳብ ሲጀምር ማሽኑ ያውቅና ገፋ አድርጎ ያግዘዋል። ሲያስወጣ ግፊቱን ይቀንስለታል፤ ጨርሶ ግን አይተወውም። መተንፈስ ቢረሳም ያስታውስለታል። ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ መክተት የለ፣ ምን የለ! በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ ውስጥ ነርስ ሆኜ በምሠራባት ጤና ጣቢያ፣ ማሽኑ እኔ ነበርኩ። ልዩነታችን ማሽን አለመቆጣቱ ነው።

አባቴ የቆየ አስም ነበረባቸው። አንድ የክረምት ቅዳሜ ከሰዓት ደረታቸው እያፏጨ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጎረቤት ደግፏቸው መጡ። አለቃዬ መርፌ ወጋቸውና «መድኃኒቱ እስኪይዝ አንቺ አግዣቸው፤ አለበለዚያ ይደክሙብናል» አለኝ።

በግራ እጄ ጭምብሉን ፊታቸው ላይ ተጫንኩ፤ በቀኜ ሲጨመቅ አየር ወደ ጭምብሉ የሚገፋውን የጎማ ከረጢት ያዝኩ። እሳቸው ሲስቡ እጨምቃለሁ፣ ሲያስወጡ እለቃለሁ። በራሴ ፍጥነት ከጨመቅኩ እንታገላለን። ጭምብሉ ትንሽ ከፍ ካለ ደግሞ አየሩ በጉንጫቸው በኩል ሹልክ ይላል፤ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ።

ችግሩ የአባቴ ጨዋነት ነበር። አስራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው ሰፈር እስከ ቤታችን ሰላም ሳይሉት የሚያልፉት ሰው የለም፤ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ምሳ ያልፋቸዋል። ወሬው ተሰማና ጠያቂ ጎረፈ። የቀበሌ ስብሰባ እንኳ ያን ያህል ሰው ሰብስቦ አያውቅም።

«እንዴት ነዎት?» ይላል አንዱ።

አባቴ ጭምብሉን ገለጥ ያደርጋሉ። «እግዚአብሔር... ይመስገን... ልጆች... ደህና ናቸው?»

ከንፈራቸው ይጠቁራል። መልሼ እጭናለሁ። ሌላዋ ትገባለች፤ «ውይ፣ ምን ነካዎት?»

«ምንም... ጉንፋን... ናት።»

«አባባ፣ በማርያም ዝም ይበሉ!»

«ሰው ሰላም ብሎኝ... ዝም ልበል? ባለጌ!» አሉኝ፤ የቀረቻቸውን ትንፋሽ እኔ ላይ ጨረሷት።

«ሁላችሁም ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። እሺ ብለው ወጡ፤ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ። አባቴ ጭምብሉን እየገለጡ ሁሉንም ሸኙ፤ ውጭ ደግሞ ሌላ ጠያቂ ተሰልፏል።

የምር ፈራሁ። አባቴ በሰላምታ ሊሞቱብኝ ነው!

በዚህ መሀል አጥር የሚጋሩን ጡረተኛ ሹፌር በሩ ላይ ብቅ አሉ። የቤታቸው አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ ወደ ግቢያችን ስለሚያፈስ ከአባቴ ጋር ሦስት ክረምት ሙሉ ተኳርፈዋል። አባቴ አዩዋቸው። አፋቸውን ግጥም አደረጉ፣ ጭምብሉን በገዛ እጃቸው ተጫኑት፣ ተኮሳትረው አየር ሳቡ። ጨመቅኩ። ደረታቸው ከፍ አለ!

«ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እዚች ወንበር ላይ ፊት ለፊታቸው ይቀመጡልኝ!»

«እኔን ባያዩ አይሻላቸውም?» አሉ ባርኔጣቸውን እያሻሹ።

«መድኃኒቱማ እርስዎ ነዎት!»

ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተፋጠጡ። እጄ ዛለ፤ የአባቴ ደረት ፉጨት ግን ቀነሰ፣ ከንፈራቸውም ቀላ። ጭምብሉን ሳነሳላቸው አባቴ መጀመሪያ የተናገሩት «አሸንዳውን አስተካክል!» የሚል ነበር።

ጋሼ አስተካከሉ። በሳምንቱ ታረቁ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው፤ እኔ ብቻ ተናደድኩ። ከእንግዲህ ሲያማቸው ማንን ላስቀምጥ?

በሚቀጥለው ክረምት እንደገና አማቸው፤ ከበፊቱ የባሰ። ጭምብሉን እንደያዝኩ ጋሼ እያለከለኩ ገቡ። አባቴ ወዳጃቸውን ሲያዩ ዓይናቸው በራ፤ እጃቸውን ወደ ጭምብሉ ሰደዱ።

ጋሼ ወንበሯን ስበው ቁጭ አሉ። ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ተኳርፈናል» አሉ። «አሸንዳውን ወደ ግቢህ መልሼዋለሁ፤ ምን ታመጣለህ?»

ውሸታቸውን ነው። ጠዋት ስወጣ ውሃው ወደ መንገዱ ሲወርድ አይቻለሁ። ደግሞ የሚቆጣ ሰው እንባው እንደዚያ አይወርድም።

አባቴ እጃቸውን መለሱ። ተኮሳተሩ፤ አየር ሳቡ። እኔም ጨመቅኩ።