ወፍጮ ቤት ያላቸው እናት በተማሪዬ ዲፌንስ ላይ

ዛሬ ሶዶ ላይ የማስተርስ ዲፌንስ የነበራትን ተማሪዬን ያፋጠጣት ፈታኙ አይደለም፤ እናቷ ናቸው!

ሥራዋ ስለ ባለብዙ ደረጃ ኮንቨርተር ቁጥጥር ነው። እናቷ ቦዲቲ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ፈታኙ «እስቲ ለእናትሽ አስረጂያቸው» አላት።

በወላይትኛ ጀመረች። «እማዬ፣ መብራቱ በአንዴ እንዳይዘል፣ በትንንሽ ደረጃ እንዲወጣና እንዲወርድ የምንቆጣጠርበት ዘዴ ነው። ሞተር አይጎዳም።»

(አማካሪዋ እኔ እንኳ እንዲህ አጥርቼ አስረድቻት አላውቅም።)

እናትም፣ «ታዲያ የእኛ ሞተር ሲቃጠል የት ነበር?» አሏት።

«ያኔ ነው እማዬ የጀመርኩት።»



እናንተስ? ምን እንደምትማሩ የመረጠላችሁ የቤታችሁ ችግር ምን ነበር?