በር ላይ የፈሰሰው ኖራ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ቆዳና ሌጦ የሚከማችበት መጋዘን በር ጠባቂ ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ትምህርቴ ከፊደል ብዙም አላለፈም። የምጽፈውም እንደማወራው ስለሆነ ታገሡኝ። ይህ የምላችሁ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዘመን፣ በአንድ ክረምት ነው።

ቆዳ መጋዘን ገብቶ ለማያውቅ ሰው ሥራው እንዲህ ነው። ጥሬው ቆዳ ከየገበያው ይመጣል፣ የቀረበት ሥጋ ይፋቃል፣ ጨው ይነሰነስበትና አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል። ሽታው ከልብስ አይለቅም። ሚስቴ ከሥራ ስመለስ ደጅ አስቁማ ነበር ልብሴን የምታስወልቀኝ።

የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ነበሩ። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ በየጠዋቱ በአሮጌ የጭነት መኪናቸው በሐረጎ ቁልቁለት ይወርዳሉ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ሲቆጡ ጎረቤት ይሰማል፣ ሲስቁም እንደዚያው። የጨው ሥራው አለቃ ደግሞ የሐርቡ ሰው ነበር። በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል፣ አያ ነበር የምለው። እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ በዓሉንም ሐዘኑንም ተካፍለን ነው የኖርነው። ከመጋዘኑ ሰው ሁሉ የምቀርበው እሱን ነበር።

ያ ክረምት የገባው ከዝናቡ በፊት በወሬ ነው። ከተማው ዳር ያለው መጠለያ በተራበ ሰው ሞልቷል። ጠዋት ገበያ ላይ ያየነው ሰው ለዐስር ሶላት ተቀበረ ይባላል። የሆድ በሽታ ናት፤ ሰውን አስመልሳ፣ አስቀምጣ፣ እንደ ጨው የበላው ቆዳ አድርቃ ትጥለዋለች። ስሟን የሚጠራ ግን አልነበረም። ባለሥልጣኑም አይጠራትም፣ እኛም አንጠራትም። እነሱ ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ፤ እኛ ግን ከጠሯት አቤት ብላ ትመጣለች ብለን ነው።

አንድ ቀን የጤና ረዳቱ ከቀበሌ ሰው ጋር መጣ። ዳቦ ቤቱንም፣ ወፍጮ ቤቱንም፣ ጋራዡንም እየዞረ፣ ሠራተኛ ያለውን ሰው ሁሉ ያስተምር ነበር።

«ሐጂ፣ የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ይዋል» አላቸው። «ደመወዙን እንዳይቆርጡበት። ከቆረጡበት ደብቆ ይመጣል።»

«እሺ።»

«በር ላይ በረኪና የገባበት ውሃ በበርሜል ይቀመጥ፣ ሳሙናም ይኑር። የሚጠጣው ውሃ ይፍላ። መጨባበጥ ይቅር።»

«ወላሂ፣ ሰላምታም ተከለከለ?»

«በአፍ ይበቃል፣ ሐጂ።»

«በአፍማ ይኸው ስንት ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን!»

ረዳቱ ሳቀ። ከዚያ ሽንት ቤቱ ኖራ እንዲነሰነስበት፣ በሩም ላይ ኖራ ፈሶ ሁሉም እየረገጠው እንዲገባ ተናገረ። ኖራው ለምን እንደሚረገጥ ግን ሳያስረዳ ወጣ፤ ሌላ ቦታ ይጠብቁት ነበር። ሐጂ ወደ እኔ ዞር ብለው «ሰምተሃል፤ ሳይረግጥ የሚገባ እንዳይኖር» አሉኝ።

በማግስቱ ማልጄ ኖራውን በበሩ ስፋት አፈሰስኩ። ሠራተኞቹ ሲመጡ ከሩቅ አይተውት ቆሙ። አያ ከፊት ነበር።

«ማን ነው ይኼን ያፈሰሰው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ። የጤና ረዳቱ አዝዞ ነው።»

«ከየት አመጣው?»

«ምኑን?»

«ኖራውንማ። ከመጠለያው አይደለም? እዚያ የታመመውን ሰው ሲያገላብጥ ሰንብቶ መጥቶ እኛ ደጅ ላይ አስፈሰሰህ?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ደጃፍ ላይ ወይም መንገድ ላይ የፈሰሰ ነገር አይረገጥም። ደንቃራ ነው የሚባለው። የታመመ ሰው በሽታውን በአመድም በእህልም አድርጎ መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ ቀድሞ የረገጠው ሰው በሽታውን ይዞ ይሄዳል፣ የጣለው ይድናል። ኋላ የሚመጣውን ግን አይነካውም፤ ቀዳሚው ወስዶለታል።

«ለእግር ማጽጃ ነው» አልኩ።

«እንግዲያ አንተ ቅደምና ርገጠው» አለች አንዲት ጨው ተሸካሚ።

«እኔማ ውስጥ ቆሜ ነው ያፈሰስኩት፣ ምን ልሻገር ብዬ?» ስል ሳቁብኝ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። ተያይተው ወደመጡበት ተመለሱ።

የዕለቱ ሥራ ቀረ ብዬ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ከመጋዘኑ ውስጥ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ጨው ሲዛቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ አልስተውም። ኖራውን አየሁት። አንድም ኮቴ የለበትም፤ እንደ ተነጠፈ ሻሽ ለስልሶ ተኝቷል። ውስጡ ግን ሰው ይሠራል።

ለካ በጓሮ ዞረው፣ ቆርቆሮው በተቀደደበት፣ ቦዩን ተሻግረው ነው የገቡት። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የሚወርደው በዚያው ቦይ ነው። ለሐጂ ነገርኳቸው። ቆርቆሮው በምስማር ተመታ፤ በማግስቱ ተነቅሎ ተገኘ። ደግሞ ተመታ፣ ደግሞ ተነቀለ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ጠዋት በሬን እከፍታለሁ፣ ሐጂና ሾፌሩ መኪናውን ውጭ አቁመው ሲገቡ ከኋላቸው አዲስ ኖራ አፈሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚገባ የለም። ሥራ ሲያልቅ እዘጋለሁ፣ በበሩ የወጣ ሠራተኛ የለም። ቀኑን ሙሉ ግን ከጀርባዬ ድምፅ ይሰማኛል። እየዋለ ሲያድር ድምፁ መሳሳት ጀመረ። ዛሬ የአንዱ ሳል ይጠፋል፣ ነገ የሌላዋ ሳቅ። ገብቼ «እገሌስ?» ስል «ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች» ይሉኛል። «እሱስ?» «እሱም ዘመድ ሊጠይቅ።» በዚያ ዝናብ ይህ ሁሉ ሰው የሚጠይቀው ዘመድ የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጭራሽ ጭር አለ። ዝንቡ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ተነሥቼ ገባሁ። አካፋዎቹ በየቦታቸው ወድቀዋል፣ አንዲት ኮንጎ ጫማ ጨው ውስጥ ቀርታለች፣ ሰው የለም።

«አያ!» ብዬ ተጣራሁ።

ከቆዳው ክምር ኋላ «ማነህ?» የሚል ድምፅ መጣ። የአያ ድምፅ አልነበረም። ከጋን ውስጥ የሚወጣ፣ የደረቀ፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ ነው። ዞሬ ባየው አያ ራሱ ነው፤ ጠዋት በአጥር በኩል የቀለደብኝ ሰው። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጣቶቹ ውሃ ውስጥ እንዳደሩ ተጨማደዋል። ሌሎቹ ሲወድቅ አይተው በጓሮ ሸሽተዋል።

ሐጂን ጠራኋቸው። ከሾፌሩ ጋር ሆነን በቃሬዛ ተሸክመነው በሩ ጋ ስንደርስ አያ ኖራውን አየና የቃሬዛውን እንጨት ያዘ።

«በዚህ ላይ አታሳልፉኝ! በጓሮ አውጡኝ!»

«በጓሮ ቃሬዛ አያልፍም፣ አያ።»

«እንግዲያ እዚሁ ተዉኝ። የያዘኝ ይበቃኛል፣ ሌላ አትጨምሩብኝ።»

ያ በደረቀ እጁ የያዘው እንጨት አልላቀቅ አለን። ከአጥሩ ማዶ የሸሹት ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። የሚቀርብ የለም። ሐጂ አንዴ አያን፣ አንዴ እነሱን አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ።

«ቀዳሚውን ነው አይደል የምትይዘው?» አሉ ጮክ ብለው። «በሉ፣ ቀዳሚው እኔ ነኝ። ቢስሚላህ!»

ዝናብ ያራሰው ኖራ ውስጥ በባዶ እግራቸው ገብተው መሐሉ ላይ ቆሙ። አንዲት ሴት «ኧረ ሐጂ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ያን ጊዜ የአያ እጅ ከእንጨቱ ላይ ወደቀ፤ እኛም አሳለፍነው።

መኪናው ላይ ሐጂ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከኋላ ከአያ ጋር ተቀመጥን። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር፤ ሐረጎ ላይ ስንደርስ ጉም ዋጠን። መንገዱም ገደሉም ጠፋ። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ አያ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፦ «ሐጂ ወሰዱልኝ?» አለ።

ሐጂ ቤታቸው ወረዱ፤ የሕሙማኑ ድንኳን ደሴ ዳር ላይ ነበር። አያን አስተኝተው እኔን በበረኪና ውሃ ታጠብ ብለው አስወጡኝ። ታጥቤ ስመለስ አያን አጣሁት። አልጋው ሁሉ ሰው አለበት፤ ሰው ሁሉ ግን አንድ ፊት ሆኗል። ያው የገባ ዓይን፣ ያው የሾለ አፍንጫ። ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ ብመለከት የአያ ያልሆነም፣ የአያ የሆነም ፊት አላየሁም። ቢጨንቀኝ «አሰላሙ አለይኩም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ከየአልጋው። ሁሉም በዚያው በጋኑ ድምፅ።

«ምን ያስጮኽሃል፣ አንተ? ደንቆሮ ቤት የገባህ መሰለህ?» አለ አንዱ ከጥግ። እሱ ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስታማሚዋ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በኩባያ ሰጠችኝና «ያለማቋረጥ አጠጣው፤ ካልጠጣ አይነጋለትም» አለችኝ። ማንኪያውን ወደ አፉ ሳደርስ ጥርሱን ነከሰ።

«አያ፣ ጠጣ እንጂ!»

«አልጠጣም። ኖራውን ረግጠው በሽታዬን ወስደውልኛል፤ እኔ ከዳንኩ ሐጂ ናቸው የሚሞቱት። ልጆቼን ያሳደግኩት በሳቸው እንጀራ ነው።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በልጆቹ አስማልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። ቆዳው በጣት ሲያዝ እንደተያዘ ይቀራል፤ ያን ደግሞ እኔ ከቆዳ ጋር የኖርኩ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወጥቼ ለሾፌሩ «ሐጂን ከቤታቸው አምጣልኝ፤ ባሉበት ሁኔታ ይምጡ» አልኩት።

ሊመሽ ሲል መጡ፤ በሾፌሩ ትከሻ ተደግፈው፣ በባዶ እግራቸው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ሆንኩ ነው የምትለው?» አሉት አያን ከበላዩ ቆመው።

«አልያዘችዎትም?»

«ማን ትይዘኛለች? ሚስቴ እንኳ ሰልችታኛለች።»

«ወላሂ በሉ።»

«ወላሂ። በል አሁን ትጠጣለህ ወይስ እዚሁ ጎንህ ልተኛልህ?»

አያ አፉን ከፈተ። በማንኪያ ጀመርኩ፣ ኋላ ኩባያውን ራሱ ያዘው። ያ ሰው ድኖ ከእኔ ጋር ዓመታት ሠርቷል። ሐጂም ደርግ ሲወድቅ በሕይወት ነበሩ።

ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አያ ሲጠጣ ሳይ ቆይቼ ቀና ስል የሚያቃስተው ማቃሰቱን ትቷል። ከአያ ጋር የተባባልነውን ሰምተው ኖሮ፣ በየአልጋው ያሉት ዓይኖች በሙሉ ወደ ሐጂ እግር ወርደዋል። ኖራው እግራቸውን ልጦት፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ከወዲያኛው አልጋ አንዲት ሴት ኩባያዋን አነሣች። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ዓይናቸውን ከዚያ እግር ላይ ሳያነሡ መጠጣት ጀመሩ።

ሐጂ ትንሽ ታገሡና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ እንዳፈረ ሰው እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሥር ሰበሰቡ።