የምታጉረመርመዋ ቁልፍ

የጥፍር ያህል ቁራጭ ቆዳ ናት። ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም፣ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ፒያኖ ጠጋኙ መዳፌ ላይ ጣል አደረጋት። «እትዬ፣ በሽታው ይኸው ተገኘ!» አለኝ እየሳቀ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት አቧራ አቧራ፣ አሮጌ እንጨት እንጨት፣ ከሥር ደግሞ ቀስ ብሎ ቅቤ ቅቤ ሸተተችኝ። ቅቤውን እንኳ ሐሳቤ የጨመረው ይሆናል።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ማንኩሳ ስለነበር ስንቄን ይዤ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። ያንን ፒያኖ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን መጫወት ይችሉ ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ልጆች ያስተምሩ ነበር። ሦስታችንም አመታታችን ለየቅል። አንደኛው ልጅ ሠርግ ቤት ያለ ይመስል ትከሻውን እየሰበቀ ይደበድበዋል። አንዷ ልጅ ቁልፎቹ የሚፋጁ ይመስል ነካ አድርጋ ጣቷን ትሰበስባለች። እኔን ያስቸገረኝ ግራ እጄ ነው፤ ካልመራሁ ይላል። «ቀኝ እጅ ይዘፍናል፣ ግራ እጅ ያጅባል። አንቺ ገልብጠሽዋል!» ይሉኝ ነበር መምህሩ። እሳቸው ሲጫወቱ እያንዳንዱ ድምፅ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ጽድት ያለ ነበር። የከሰዓቷ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጣቶቻቸው ላይ ስታርፍ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማቸዋለሁ።

ግራ እጄ ነገሩን ከየት እንዳመጣው ግን አላጣሁትም። አባቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ በገና ደግሞ የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። በልጅነቴ በሁዳዴ ከቅዳሴ መልስ ተቀምጠው «ነይ እስቲ ላሳይሽ» ሲሉኝ አሻፈረኝ እል ነበር። የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበራ! ልጅነት ክፉ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ አባቴ ድንገት ታመው ተኙ፤ ሲነሡ ግራ እጃቸው አብሯቸው አልተነሣም።

በገናው ልብሱን ለብሶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አባቴም መዘመሩን ተዉት። አንድ ሁዳዴ አለፈ፣ ሁለተኛው ገባ። አንዳንዴ ዜማውን በአፋቸው ይጀምሩና ጣታቸው መሄድ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

«አባየ፣ አሁን ያስተምሩኝ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አሁንማ የሚያሳይሽ እጅ የታለ?» አሉኝ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምኞቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ አባቴን አንዴ ማስዘመር። ዜማውን ከትዝታዬ እየለቀምኩ በፒያኖው አወጣሁት። ገበያ የመጡ ቀን ይዣቸው ገብቼ አሰማኋቸው። በትራቸውን ተደግፈው እንደ ጨዋ እንግዳ ሰሙኝ። «ይበል ነው ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ጉሮሮ የለውም። ያልጨነቀው ሰው ጸሎት ይመስላል» አሉ።

ጉሮሮው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በበገና ላይ በየገመዱ ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ገመዱ ሲነካ እሷን እየታከከ ነው የሚነዝረው። በማግስቱ እሑድ ማንኩሳ ቤት ሰው ሲወጣ ጠብቄ በገናውን አወረድኩና አሥሩንም እንዚራ አውጥቼ በመሐረብ ቋጠርኳቸው። አባቴ ቅቤ እየቀቡ ያለሰለሷቸውን! ምን ልበል፣ ሰረቅኋቸው።

ቅዳሜ ፒያኖውን ከፍቼ በየሽቦው መካከል ሰካኋቸው። ስትጠብቅ ድምፁን ታንቀዋለች፣ ስትላላ ትወድቃለች። ላቤ ጠብ እስኪል ስታገል መምህሩ ደረሱብኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል እንዴ?»

«መምህር፣ ለዛሬ ብቻ። አባቴ ውጭ ቆመዋል።»

ቁጣቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ከበሩ ዞር አሉ።

አባቴ ገብተው ተቀመጡ። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ በግራዬ ብቻ ጀመርኩ። ፒያኖው አጉረመረመ፤ ጆሮን ንብ ቀፎ ላይ እንደ መለጠፍ ነበር። አባቴ ብድግ አሉ።

«እንዚራዎቼ!»

እጄን ላነሣ ስል፣ «አትተይው! አትተይው!» አሉኝ። በደህናው እጃቸው ያችን የደነዘዘች ግራ እጃቸውን አንሥተው ፒያኖው ጎን ላይ ለጠፏት። ከዚያ ድምፃቸው መጣ። መጀመሪያ ሻከረ፣ ተንቀጠቀጠ። ሁልጊዜ ዝም የሚሉበት ቦታ ስንደርስ የእኔ ጣት ሄደ፣ እሳቸውም አላቋረጡም። ዘመሩ። በመስኮቱ ብርሃን ላይ አቧራው ይንሳፈፋል፤ የገበያው ጫጫታ ከሩቅ እየመጣ ይሄዳል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ነበር።

ስንጨርስ እንዚራዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ለአባቴ አቀበልኳቸው። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። «ይች እዚያው ትቅር» አሉ። ወደ መምህሩም ዞረው፣ «እርስዎ ከፈቀዱ» አሏቸው።

እኚያ ጽድት ያለ ድምፅ የሚወዱ ሰው «ትቅር፣ አባቴ» አሉ።

የሚቀጥለውን ሁዳዴ አባቴ አላዩትም።

ከእኔ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ያችን ቁልፍ «ጉንፋናሟ» ይሏት እንደነበር ዛሬ ጠጋኙ ነገረኝ። ፒያኖው ሊጠገን ነው ሲሉኝ ከቡሬ በሚኒባስ የሄድኩት እንዲያው ለማየት ነበር፤ ስደርስ ሥራውን ጨርሶ ጠበቀኝ። ቁልፏን መታ አደረጋትና «ይስሟት፣ ዳነች እኮ!» አለኝ። ጥርት ብላ ወጣች። «እሰይ፣ እጅህን ይባርከው» አልኩት፤ ሌላ ምን እለዋለሁ?

አሁን ቡሬ ቤቴ ነኝ። በደጅ ባጃጅ እየጮኸ ያልፋል። በገናውን አውርጄ ልብሱን ገለጥኩት። ዘጠኙ ገመድ እንዚራ እንዚራው አለው፣ አንደኛው ባዶውን ነው። አስገባሁለት። የረገበውን ገመድ አጥብቄ በግራ ጣቴ ሳብ አደረግኩት፤ አጉረመረመ። ሌሎቹ ጣቶቼ ገመዶቹ ላይ ተዘርግተው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳያቸውን እጅ ጠበቁ።