ኮኪት ላይ ያስነበብሁት ዕቅድ

ይህን ለሚስቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ በየፆሙ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን ዘልያት እነሣለሁ። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ አታውቁኝማ።

ጋሽ አለነን በምርጫ የጣልሁት እኔ ነኝ። ገዥው ፓርቲ አይደለም፤ ኮሮጆም አልተገለበጠበትም። እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ሁሉ የያዝሁለት የገዛ ጸሐፊው።

ምን በድሎህ ትሉኝ ይሆናል። ከዓመታት በፊት ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጦ የአባቴን የሰሊጥ መሬት እስከ ቦዩ ድረስ ቆርሶ ለጎረቤት ፈረደ። መሬቱስ ይሁን! አገር በተሰበሰበበት፣ ኩመሩ ዛፍ ሥር «ድንበር ገፊ» አለው። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ገንዳ ውሃ ከተማ ገበያ አልወጣም፤ ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጋሽ አለነ ረስቶታል። ተቃዋሚ ሆኖ ሊወዳደር ሲነሣ ጽሕፈቴን ወዶ አስጠጋኝ፤ የአባቴን ስም እየሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ በሆዴ ግን፣ ቆይ አንተ!

አንድ ደብተር ሙሉ ዕቅድ ነበረው። ከሁሉ የሚወደው የቀን ሠራተኛውን ጉዳይ ነው፤ ባለ እርሻ መጠለያ፣ ንጹሕ ውሃና የወባ መድኃኒት ካላቀረበ ሰው መቅጠር አይችልም የሚለውን። ችግሩ፣ እዚህ አገር ድምፅ የሚሰጠው ባለ እርሻው ነው። ሠራተኛው ከጎጃም፣ ከወሎ ለጥቂት ወራት ወርዶ የሚመለስ ነው፤ የመራጭ ካርድ ቢኖረው እንኳ ካርዱ አገሩ ነው።

«ስማኝማ ልጄ፣ ዝርዝሩን አሁን ላውጣው ወይስ ‹ስለ ሠራተኛውም እናስባለን› ብዬ ልለፈው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይለፉት ማለት ነበረብኝ። አውቅ ነበር! «ኧረ ጋሼ! ድፍን ወሬማ ሁሉም ያወራል። እርስዎ አንድ በአንድ ያንብቡላቸው፤ ሰው የሚያምነው ዝርዝር ሲሰማ ነው» አልሁት። ቦታውንም ቀኑንም እኔ መረጥሁ፤ በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ኮኪት ከተማ፣ ለእርሻ ምንጣሮ የመጣው ሠራተኛ ከመኪና ወርዶ ቀጣሪ በሚጠብቅበት ሜዳ።

አነበበ። ወይ ጭብጨባ! መጥረቢያቸውን ሽቅብ እያነሡ ጮኹለት፤ ጋሽ አለነ እንባው መጣ። እኔ የማየው ግን ከኋላ የቆሙትን ባለ እርሻዎች ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የእሱ ደጋፊዎች የነበሩትን። እጃቸውን አጣጥፈው ትንሽ ቆዩና በየመኪናቸው እየገቡ ሄዱ። ያጨበጨበለት ድምፅ የለው፣ ድምፅ ያለው አላጨበጨበለት። ደስ አለኝ። ልዋሽ እንዴ? አባቴን ከቀበርሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆዴ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም።

ተሸነፈ፤ ያውም ክፉኛ።

ክረምት ላይ፣ ሰሊጡ ሲታረም፣ በአንድ እርሻ ዳር ሳልፍ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ላስቲክ ተከናንቦ ዝናብ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወባ ነው። ኮኪት አይቶኝ ኖሮ አወቀኝ። «እኒያ ሰውዬ የት ደረሱ? መድኃኒቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። መንገዴን ቀጠልሁ። በሳምንቱ ሞተ አሉ፤ እዚያው ቀበሩት። ጋሽ አለነ ቢመረጥስ በአንድ ተመራጭ ብቻ መድኃኒቱ ይደርስ ነበር? እላለሁ፣ ራሴን ላጽናና። አላውቅም። ሰውዬው ግን ይጠብቅ ነበር። እኔ ለበቀል ያስነበብሁትን አምኖ ይጠብቅ ነበር።

ጋሽ አለነስ? ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን ይዞ «እውነቱን ሳልሸራርፍ እንድናገር ያደረግኸኝ አንተ ነህ፤ እግዜር ይስጥህ» ይለኛል። ይመርቀኛል! የተወጋው መወጋቱን ካላወቀ ምኑን በቀል ሆነ?

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔም ቂሜን እንደያዝሁ ነው የምናዘዘው። ያን ሠራተኛ ይቅር በለኝ እላለሁ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ጋሽ አለነን ግን ይቅርታ አልለምንም። ማንበብ ይወዳል፤ ይህ ጽሑፍ አንድ ቀን እጁ ይገባል። ያን ጊዜ የአባቴን ስም ያስታውሳል።